ውሻዬ ሞተ፤ ሌላ መቼ ላምጣ?

ጥያቄው ቶሎ ነው የሚመጣው። የውሻው ሳህን ገና አልተነሳም፤ ሶፋው ላይ ፀጉሩ አለ። በሦስተኛው ቀን አንዱ «ታዲያ ሌላ አታመጣም?» ይላል። ከወር በኋላ ቡችላ ታቅፋችሁ ስትገቡ ደግሞ ሌላኛው «ለካ እንዲህ ቶሎ ይረሳል!» ይላል። ሁለቱም ክፉ አይደሉም። ግን ሁለቱም ሆዳቸው ውስጥ አንድ ቁጥር አለ። ከዚያ ቀን በፊት ማምጣት ነውር ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ማዘን ደግሞ ማካበድ ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። «ስድስት ወር ጠብቅ» የሚለውም፣ «ዓመት ይሙላው» የሚለውም፣ «ነገውኑ አምጣ» የሚለውም ከየት እንዳመጣው ቢጠየቅ የሚመልሰው የለውም። ይህ ማለት ግን ነገሩ ዕጣ ነው ማለት አይደለም። የሚታዩ ነገሮች አሉ። ገሚሶቹ ልብ ውስጥ ናቸው። ገሚሶቹ ግን ወለሉና አፈሩ ውስጥ ናቸው፤ የምሬን ነው፣ አፈሩ ውስጥ። እደርስበታለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። «የቤት እንስሳ» ሲባል በሬውም ዶሮውም ይገባበታል። እኔ የማወራው ለሥራ ወይም ለገበያ ሳይሆን አብሮን እንዲኖር ስለምናሳድገው ነው። ውሻ፣ ድመት፣ ጥንቸል፣ በቀቀን። ምሳሌዬ ግን ብዙውን ጊዜ ውሻ ነው። የማውቀው እሱን ነዋ።

ለውሻ ይህን ያህል ማዘን የጤና ነው?

የጤና ነው። ምክንያቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቀናችሁን ተመልከቱ። ጠዋት የሚቀሰቅሳችሁ እሱ ነበር። የምትወጡት እሱን ለማናፈስ ነበር። ማታ በር ስትከፍቱ መጀመሪያ የምትሰሙት የጥፍሩን ድምፅ ነበር። ብዙዎቻችን ወንድማችንን በወር አንዴ ነው የምናገኘው። ውሻውን ግን በየቀኑ፣ በቀን አሥር ጊዜ እንነካዋለን።

ጨለማ ውስጥ ደረጃ ስትወርዱ አንድ ደረጃ የቀረ መስሏችሁ እግራችሁ ባዶውን ረግጦ ያውቃል? ያ ድንጋጤ ነው። ሰውነታችን የለመደውን ይጠብቃል፤ ወሬው ገና አልደረሰውም። ውሻዬ ከሞተ በኋላ ሁለት ወር ያህል በሩን በጉልበቴ እየገደብኩ እገባ ነበር፤ ሾልኮ እንዳይወጣብኝ። አንድ ማታ በሁለት እጄ ዕቃ ይዤ፣ ጉልበቴን አስቀድሜ ስገባ ነው የባነንኩት። ማንን ነው የምገድበው?

ከልማዱ በታች ደግሞ የሰውነት ኬሚካል አለ። ኦክሲቶሲን ይባላል። እናት ልጇን ስታጠባና አቅፋ ስታየው የሚጨምር ሆርሞን ነው፤ ከመጣበቅ፣ ከመተማመን ጋር የተያያዘ። እ.ኤ.አ. በ2015 የጃፓን ተመራማሪዎች ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ረዘም አድርገው ሲተያዩ ይኸው ሆርሞን በሁለቱም ላይ እንደሚጨምር አሳይተዋል። በሁለቱም! እንግዲህ «ውሻ እኮ ነው» የሚለው ሰው አእምሮው ያውቅ ይሆናል፤ ሰውነታችን ግን ይህን ልዩነት እንደሚባለው አይለይም።

«ውሻ እኮ ነው» የሚለው ቃል ራሱ ጣጣ አለው። ሰው ሲሞት ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሥራ ቦታ ፈቃድ ይሰጣል፣ ብታለቅሱ ማንም አይገረምም። ለውሻ «ያጥናችሁ» የሚል የለም። ኬኔት ዶካ የተባሉ አሜሪካዊ የሀዘን ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚህ ዓይነቱ ሀዘን ስም አወጡለት። ወደ እኛ ስንመልሰው «ዕውቅና የተነፈገው ሀዘን» እንደ ማለት ነው። ማዘናችሁ ሳያንስ፣ ማዘናችሁን መደበቅ ይጨመርበታል። ብዙ ሰው ቶሎ ሌላ የሚያመጣውም ለዚህ ይመስለኛል። ማልቀስ ስለማይፈቀድለት መተካት ይቀለዋል።

አንድ ሌላ የሚያንገበግብ ነገር አለ። ብዙ የቤት እንስሳት የሚሞቱት ባለቤቱ ወስኖ ነው። በሽታው የማይድን ሲሆን፣ ስቃዩ ሲበዛ፣ የእንስሳት ሐኪሙ በመርፌ እንዲያርፍ ያደርገዋል። ወረቀቱ ላይ የፈረመው ግን ባለቤቱ ነው። «እኔ ነኝ የገደልኩት» የሚለው ሐሳብ ሌሊት ይመጣል። ይህ ፀፀት ሰውን ወደ ሁለት ጎን ይገፋል። አንዱ ካሳ ለመክፈል በሳምንቱ ሌላ ያመጣል። አንዱ ደግሞ «ሁለተኛ አይገባኝም» ብሎ ዕድሜ ልኩን ይተወዋል። ሁለቱም ጋ እየወሰነ ያለው ፀፀቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን ከሐኪሙ ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት ጥሩ ነው። «ሌላ ምን ማድረግ ይቻል ነበር?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምታስቡት ይቀላል።

ሀዘኑ እስኪያልቅ ልጠብቅ?

«ሀዘን አምስት ደረጃ አለው» ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። መካድ፣ መቆጣት፣ መደራደር፣ መደበት፣ መቀበል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረቡት በስዊዘርላንድ የተወለዱት የሥነ አእምሮ ሐኪም ኤልሳቤት ኩብለር ሮስ ናቸው። ሲጀመር ግን ስለ ሀዘንተኛ አልነበረም። በጠና ታመው ሞታቸውን ስለሚጠብቁ ሰዎች ነበር። ከዚያ ሕዝቡ ወሰደውና እንደ ትምህርት ቤት ክፍል አደረገው። አንደኛን ሳታልፍ ሁለተኛ አትገባም። አምስተኛን ስትጨርስ ሰርተፊኬትህን ይዘህ ቡችላ ልትወስድ ትሄዳለህ። ሀዘን እንዲህ አይሄድም። እሳቸውም ኋላ ላይ ደረጃዎቹ በተራ የሚታለፉ እንዳልሆኑ ተናግረዋል።

ለእውነቱ የሚቀርበው ሌላ ሐሳብ ነው። ኔዘርላንድስ ይሠሩ የነበሩት የሀዘን ተመራማሪዎች ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ነው። ሀዘንን እንደ ዥዋዥዌ አስቡት። አንዴ ወደ ናፍቆቱ ትሄዳላችሁ፤ ፎቶ ታያላችሁ፣ ታለቅሳላችሁ። አንዴ ወደ ኑሮው ትመለሳላችሁ፤ ቤት ታጸዳላችሁ፣ ትስቃላችሁ፣ አዲስ ነገር ትሞክራላችሁ። ከዚያ እንደገና ወደ ናፍቆቱ። መመላለሱ ራሱ ጤንነት ነው። ችግር የሚሆነው ዥዋዥዌው አንዱ ጫፍ ላይ ሲቆም ነው።

ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ የቆየ እምነት ጥያቄ ውስጥ ከተቱ። ድሮ ከሟቹ ጋር ያለው ገመድ ካልተበጠሰ ሰው አይድንም ይባል ነበር። እነሱ ያዩት ሌላ ነው። ገመዱ አይበጠስም፤ መልኩን ይለውጣል። ሰው ሟቹን እያስታወሰ፣ በልቡ እያናገረው፣ ደህና ሆኖ ይኖራል።

የሰው ሞት ላይ እንኳ ባለሙያዎቹ በአንድ ሰዓት አይሄዱም። ከልክ ያለፈ ረጅም ሀዘንን እንደ ሕመም ለመቁጠር የዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ ቢያንስ 6 ወር ይላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2022 ባሻሻሉት መመሪያ ለአዋቂ ሰው 12 ወር ይላሉ። የእንስሳ ሞት ደግሞ ሁለቱም ጋ አልተቆጠረም። ስለዚህ ለውሻ «ይህን ያህል ወር» የሚላችሁ ሰው ከራሱ ነው የሚያወራው።

ይህን ሁሉ ያልኩት ለአንድ ነገር ነው። ሀዘናችሁ ስላላለቀ አዲስ ውሻ አይከለከልም። ችግሩ ሀዘኑን እንዲጨርስላችሁ ብላችሁ ስታመጡት ነው። ይህ ለማንም ቡችላ ከባድ ሥራ ነው።

ታዲያ ምኑን አይቼ ልወስን?

ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። የናፈቃችሁ ውሻ ነው ወይስ ያ ውሻ?

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን ያ ውሻ የናፈቀው ሰው የትም ቢሄድ አያገኘውም። የትም ስል በሳይንስም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2001 አሜሪካ ውስጥ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ በክሎኒንግ የተገኘች ድመት ተወለደች። ክሎኒንግ ማለት ከአንድ እንስሳ ሕዋስ ተነስቶ ያንኑ የዘር መረጃ የያዘ ሌላ እንስሳ መፍጠር ነው። ድመቷ ሲሲ ተባለች። ሕዋሱን የሰጠችው ሬይንቦ ነጭ፣ ጥቁርና ብርቱካናማ የተቀላቀለባት ነበረች። ሲሲ ብርቱካናማው ቀርቶባት ተወለደች። አንድ ዓይነት የዘር መረጃ፣ ሌላ መልክ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ብርቱካናማውን ቀለም የሚያዘው መረጃ ያለው ሴት ድመቶች ሁለት በሚይዙት ኤክስ ክሮሞዞም (የዘር መረጃ የሚሸከም የሕዋስ ክር) ላይ ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ከሁለቱ አንዱ ይዘጋል። ሲሲ ከተገኘችበት ሕዋስ ውስጥ የተዘጋው ብርቱካናማውን የያዘው ነበር። እንግዲህ ቤተ ሙከራ ያልመለሰውን መልክ ባለቤት የሌላቸው እንስሳት ከሚቆዩበት መጠለያ የምትወስዱት ቡችላ ሊመልስላችሁ አይችልም። ጠባዩንማ ተዉት።

ራሳችሁን ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። ስልካችሁ ላይ ምን እያያችሁ እንደሆነ ተመልከቱ። ያው ቀለም፣ ያው ጆሮ፣ ደረቱ ላይ ያው ነጭ ምልክት ያለውን ብቻ እየፈለጋችሁ ነው? ከሆነ ገና ያንን እየፈለጋችሁ ነው። አሁን ተቃራኒውን አስቡ። ያኛው ትልቅና ዝምተኛ ከነበረ፣ ይህ ትንሽና ጯሂ ይሁን። ያኛው እግራችሁ ሥር የሚተኛ ከነበረ፣ ይህ መታቀፍ የማይወድ ይሁን። ይህን ስታስቡ ሆዳችሁ ቢጨማደድ ቆዩ። ፈገግ ካላችሁ፣ ትንሽም ቢሆን ምን ዓይነት ይሆን ብላችሁ ከጓጓችሁ፣ በሩ መከፈት ጀምሯል።

ትልቁ ወጥመድ ግን መልኩ አይደለም። ትዝታው ነው። የሞተው ውሻ ስታስታውሱት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የተገራ ነው። ዓይናችሁን አይቶ የሚገባው፣ «ተው» ሲባል የሚተው፣ የእግር ኮቴያችሁን ከሌላው የሚለይ። ያ ውሻ እንደዚያ ሆኖ አልተወለደም። ጫማ በልቷል። ምንጣፍ አበላሽቷል። ሌሊት ሲያላዝን አድሮ ጎረቤት ሰላምታ ነፍጓችኋል። ግን ያንን ረስታችሁታል፤ ወይም አሁን ስታወሩት ያስቃችኋል። አዲሱ ቡችላ ይህንኑ ሲያደርግ አያስቅም። የሁለት ወር ቡችላ ሽንቱን መያዝ የሚችለው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወለል እየጠረጋችሁ «ያኛው እንዲህ አያደርግም ነበር» ማለት ይመጣል። ያደርግ ነበር! አወዳድሩ ካላችሁ ቡችላን ከቡችላ ጋር አወዳድሩ።

ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ የጉልበት ነው። ውሻው ከመሞቱ በፊት ወራት ሙሉ መድኃኒት ስትሰጡ፣ ስታነሱ ስታስተኙ፣ ሲያስመልስ ስትጠርጉ ከነበረ ደክማችኋል። እንቅልፍ አለባችሁ። ምናልባት የሐኪም ዕዳም አለባችሁ። ከሀዘኑ ጎን ደግሞ አንድ የሚያሳፍር ስሜት ይኖራል፤ እፎይታ። ጠዋት መተኛት ተቻለ። ከከተማ ወጥቶ ማደር ተቻለ። በዚህ አትፈሩ፤ የወደዱትን ነገር አለመውደድ አይደለም። አርፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ያ ነፃነት ቀስ እያለ ባዶ ቤት ይመስላችኋል። ወይም አይመስላችሁም። ካልመሰላችሁም መልስ ነው። ሁለተኛ ውሻ አላሳድግም ማለት መብት ነው።

ድንገት የሚመጣም አለ። መንገድ ላይ የተገኘች የድመት ግልገል፣ ወይም ባለቤቱ ውጭ አገር ሊሄድበት ያለ ውሻ። ዝግጁ አይደለሁም እያላችሁ የወሰዳችሁት አንዳንዴ ከሁሉም ይሰምራል። ምክንያቱን ስታስቡት ግልጽ ነው። ያኛውን እንዲተካ አላመጣችሁትም፤ እሱ ስለቸገረው ነው የመጣው።

ቤት የቀሩት እንስሳትስ?

«ብቻውን ቀረ፣ ጓደኛ ላምጣለት» የሚለው ብዙዎችን ያስቸኩላል። እርግጥ ነው፣ የቀረው ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ጣሊያን ውስጥ 426 የውሻ ባለቤቶች የተጠየቁበት ጥናት ነበር። ሁሉም ከአንድ በላይ ውሻ ነበራቸው፤ አንዱ ሞቶባቸዋል። 86 በመቶው የቀረው ውሻ ጠባይ እንደተለወጠ ተናግረዋል። ትኩረት ይፈልጋል፣ መጫወት ይቀንሳል፣ ይተኛል፣ ይፈራል፣ ምግብ ይተዋል። አንድ ልብ የሚባል ነገር ግን አለ። ይህን የተናገሩት ውሾቹ አይደሉም፣ ያዘኑት ባለቤቶች ናቸው። ደግሞም ውሻ የባለቤቱን ፊት ያነባል። እናንተ ሶፋ ላይ ተጠቅልላችሁ ስትውሉ እሱም ጥጉን ይዞ ይተኛል።

የቀረው እንስሳ የሚፈልገው መጀመሪያ የለመደውን ሰዓት ነው። ምግቡ በሰዓቱ፣ ሽርሽሩ በሰዓቱ። ድመት ካለቻችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አንድ ቀን ሙሉ ምግብ ካልቀመሰች አትጠብቁ፣ ሐኪም ጋ ውሰዷት። ድመት መብላት ስታቆም ስቡ ጉበቷ ላይ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል። «አዝና ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ምናልባትም ያኛውን የገደለው በሽታ እሷም ጋ ይኖር ይሆናል።

አሥራ አራት ዓመት የሞላውና እግሩን የሚያመው ውሻ ላይ የሁለት ወር ቡችላ ማምጣት ለእሱ ጓደኛ ሳይሆን ፈተና ነው። ቡችላው ጆሮውን ሲነክስ ይውላል። ለእሱ ብላችሁ ከሆነ መጀመሪያ እሱን እዩት።

በተላላፊ በሽታ ከሞተስ?

አፈሩ ያልኳችሁ እዚህ ነው። እስካሁን «ቁጥር የለም» ስል ቆየሁ። እዚህ ግን ቁጥር አለ። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ቡችላ የሚቀብረው ይህን ባለማወቅ ነው።

ፓርቮ የቡችላ ገዳይ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት ያመጣል። ቫይረሱ ከውሻው ጋር አይሞትም። ወለል፣ ሳህን፣ ጫማ ላይ ይቆያል። ግቢ አፈር ውስጥ ወራት፣ እስከ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ተራ ሳሙና አይገድለውም። የሚሠራው በረኪና ነው፤ መጀመሪያ ቆሻሻውን በደንብ አጥቦ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ለሠላሳ እጅ ውኃ በጥብጦ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ማቆየት። አፈርን ግን በበረኪና ማጠብ አይቻልም። ውሻው በፓርቮ ከሞተ እዚያ ግቢ ውስጥ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ አይገባም። የቡችላ ክትባት ከ6 ወይም 8 ሳምንት ይጀምርና በየጥቂት ሳምንቱ እየተደጋገመ ቢያንስ እስከ 16 ሳምንት ይሄዳል። የመጀመሪያዋን መርፌ አይቶ «ተከትቧል» ማለት ብዙ ያስለቅሳል። ክትባቱን የጨረሰ ትልቅ ውሻ መውሰድ ይሻላል።

የድመቶች ፓንሉኮፔኒያም የፓርቮ ዘመድ ነው። እሱም ቤት ውስጥ እስከ ዓመት ይቆያል፤ ጥንቃቄውም ያው ነው። የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ ደግሞ በተቃራኒው ከሰውነት ውጭ ቶሎ ይሞታል። እዚያ የሚያሰጋው ዕቃው ሳይሆን ቤት የቀረችው ሌላ ድመት ናት። ደህና መስላ ቫይረሱን ይዛ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ከመምጣቱ በፊት ትመርመር።

የእብድ ውሻ በሽታ ከተጠረጠረ ነገሩ ስለ አዲስ ውሻ መሆኑ ይቀራል። የተነከሰ ወይም ምራቁ ቁስል ላይ የነካው ሰው ቦታውን 15 ደቂቃ ሙሉ በውኃና በሳሙና ታጥቦ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መሄድ አለበት። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። የቀሩት እንስሳትም በሽታውን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይዘው ምንም ሳይመስሉ ሊቆዩ ይችላሉ። ሐኪሙ አሁን ስጋት የለም ሳይላችሁ አዲስ እንስሳ አይገባም።

እና ምን እንደገደለው ካላወቃችሁ? ይኸው ጥያቄ ብቻውን አንድ የሐኪም ቀጠሮ ያስይዛል።

ልጆች ካሉ ይለያል?

ይለያል። ትንንሽ ልጆች፣ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉት፣ ሞት የማይመለስ መሆኑ አይገባቸውም። «መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው በየቀኑ ቢጠይቁ አትገረሙ። እኛ ደግሞ ቋንቋችን ያግዛቸዋል ብለን እናደናግራቸዋለን። «አንቀላፋ» እንላለን። ልጁ ማታ መተኛት ይፈራል። «ሄደ» እንላለን። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። «ሞተ፤ ሰውነቱ መሥራት አቆመ፤ አይመለስም» ማለት ለጆሮ ይከብዳል እንጂ ለልጅ ይቀላል።

ልጅ ትምህርት ቤት ውሎ ሲመጣ «ሰርፕራይዝ!» ብሎ አዲስ ቡችላ ማቅረብ ደግ ይመስላል። ልጁ የሚማረው ግን የሞተ ነገር በማግስቱ እንደሚገዛ ነው። ያዘነ ልጅ ቡችላውን ቢገፋው ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ጠይቁት። ምርጫው ላይ ይኑርበት። በተቃራኒው «አሁን፣ ዛሬ!» እያለ ቢያስጨንቃችሁም አትቸኩሉ። ሌሊት የሚነሱት እናንተ ናችሁ።

ባልና ሚስት ሳይስማሙስ? እዚህ ላይ ረጅም ነገር የለኝም። ያልፈለገው ሰው ሐሳብ ይቅደም። ያልፈለገው ሰው ቤት ውስጥ የገባ ውሻ የሁለቱም ጠብ ውስጥ ነው የሚያድገው።

ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ደግሞ ላሳድግ?

ይህ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ድምፅ ቀንሶ ነው። ቀጥታ ሒሳብ ነው ግን። ውሻ እንደ ዝርያው ይለያያል፤ ግዙፎቹ ሰባትና አሥር ዓመት ሲኖሩ ትንንሾቹ አሥራ አምስትም ይደርሳሉ። ቤት ውስጥ የምትውል ድመት ከ12 እስከ 18 ትኖራለች። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን 40 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል፤ ባለቤቱን ቀብሮ ሌላ ባለቤት ይይዛል። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ቡችላ ሲወስድ አብሮ መወሰን ያለበት አንድ ነገር አለ። እኔ ባልችል ማን ይወስደዋል? ስሙ የታወቀ፣ ተጠይቆ እሺ ያለ ሰው መሆን አለበት። «ልጆቼ አሉ» አይበቃም፤ ልጆቹ ሳይጠየቁ ነው።

ሌላው መንገድ በዕድሜ የገፋ እንስሳ መውሰድ ነው። የስምንት ዓመት ውሻ ሽንቱን ያውቃል፣ ሌሊት ይተኛል፣ ገመድ አይጎትትም። መጠለያ ውስጥ ደግሞ ማንም የማይመርጠው እሱን ነው። የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ሞቱ ቅርብ ነው። ይህን አስቀድመው አውቀው የሚወስዱ ሰዎች አሉ፤ እኔ በበኩሌ አደንቃቸዋለሁ እንጂ አልችለውም።

መጠበቅ የማይችሉም አሉ። ዓይነ ስውር ሰው መሪ ውሻው ሲሞት ወይም ጡረታ ሲወጣ ወዳጁን ብቻ አይደለም ያጣው። ብቻውን መንገድ መሻገርን ነው። መሪ ውሾች ብዙውን ጊዜ አሥር ዓመት አካባቢ ከሥራ ይወጣሉ፤ ቀጣዩን ለማግኘት ወረፋው ረጅም ሊሆን ስለሚችል ብዙዎች አሮጌው ገና እየሠራ ማመልከቻ ያስገባሉ። እነሱን «ቶሎ ተካህ» የሚል ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አንድ አስፋልት ይሻገርና ይንገረን።

መሃል መንገድ የለም?

አለ። ብዙ መጠለያዎች ቋሚ ቤት እስኪገኝ እንስሳውን በአደራ የሚያቆይ ሰው ይፈልጋሉ። ሁለት ሳምንት፣ ሁለት ወር። የእናንተ አይደለም፤ ስለዚህ ያኛውን እንዲተካ አትጠብቁበትም። ቤቱ ግን ጥፍር ይሰማበታል። ከለቅሶው በቀር ምንም ካልተገኘበት አደራውን መልሳችሁ ታርፋላችሁ። ብዙ ሰው ግን መልሶ መስጠት ያቅተዋል። የጓደኛ ውሻ ማናፈስም፣ ቅዳሜ መጠለያ ሄዶ ማገዝም ያንኑ ይሠራል።

አምጥታችሁ ከሆነ ደግሞ ጊዜ ስጡት። መጠለያዎች «ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር» የሚሉት ልማድ አላቸው። በሦስት ቀን ፍርሃቱ ይበርድለታል፣ በሦስት ሳምንት ቤቱን ይለምዳል፣ በሦስት ወር ቤቴ ይላል። በጥናት የተለካ ሕግ አይደለም፣ የልምድ ነገር ነው። ለእናንተም ይሠራል፤ በሦስተኛው ቀን ካልወደዳችሁት አትደንግጡ።

ስሙን አትድገሙ። አሮጌውን ስም መስጠት ማስታወሻ ይመስላል፤ በጠራችሁት ቁጥር ግን የሚመጣው የተሳሳተው ውሻ ይሆናል። ሳህኑን መጠቀም ትችላላችሁ፣ ሳህን ሳህን ነው። የአንገት ማሰሪያውን ግን እኔ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። እስካሁን የእሱ ሽታ አለው።

እንዲያም ሆኖ አፍ ይስታል። የመጀመሪያዎቹን ወራት አዲሱን በሟቹ ስም ስጠራው፣ ደንግጬ ሳርም፣ እሱም ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቀኝ ከረምን። አሁን በሁለቱም ስም ይመጣል።